ሻለቃው ሲነቁ የሚነገራቸው

ዳገቱ ሲጀምር በቅሎዋ አልሄድም ብላ ቆመች። ባለጋሪው ወርዶ ልጓሟን ጎተተ፤ አስታማሚዋ ትከሻዋን ለጋሪው የኋላ ሳንቃ ሰጥታ ገፋች፤ ሻለቃው ደግሞ ከሁለቱም በላይ፣ በቃሬዛቸው ላይ፣ ካባቸውን እስከ አገጫቸው ለብሰው ያንኮራፋሉ። ከፊትም ከኋላም መንገዱ ሰው ብቻ ነው። ጠላት ከሰሜን በር ማዶ መድፍ መትከል ጀመረ ተብሎ ማለዳ መለከት ከተነፋ ወዲህ ከተማው በሙሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጥቷል። ፍራሽ የተሸከመ አለ፤ የግድግዳ ሰዓት እንደ ሕፃን ያቀፈ አለ፤ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ምን እንደነካት እንጃ የቤቷን በር ነቅላ በራሷ ላይ ተሸክማ ትሄዳለች። ቤቱ ከቀረ በሩ ምን ይሠራልሻል ብሎ የጠየቃት የለም። ለሁሉም የራሱ ሸክም በቅቶታል።

«ደርሰናል» አለ ባለጋሪው።

አልደረሱም። ይህ ሰው በየኩርባው ደርሰናል ማለት ስለማይታክተው የሰፈሩ ሰው የእናት የአባቱን ስም ረስቶ «ደርሰናል» እያለ ነው የሚጠራው። በሰላሙ ቀን ያስቅ ነበር። ዛሬ ግን አስታማሚዋ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ጫማዋ ውስጥ የገባው ጠጠር ከተረከዟ ጋር ተዋዷል፤ መልስ ለመስጠት የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም።

ደግሞም እሷን ያስጨነቃት መድረሱ አልነበረም። ያስጨነቃት የሻለቃው መንቃት ነው። ጠዋት የእንቅልፉን መድኃኒት ከእጇ ሲቀበሉ አንድ ቃል አስገብተዋታል፦ ሲነቁ፣ ተኝተው ሳለ የሆነውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ልትነግራቸው። እሺ ብላለች። ያን ጊዜ መንገዱ ምን እንደሚያመጣ አታውቅም ነበር።

ሻለቃው የመድፈኛ መኮንን ነበሩ። ዓይናቸውን የወሰደው የጠላት ጥይት ሳይሆን የገዛ መድፋቸው ነው፤ ባሩዱ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ፊታቸው ላይ ፈነዳ። ያንን ችለው፣ በትር ይዘው፣ ግቢያቸውን በእርምጃ ለክተው ብዙ ዓመት ኖሩ። ባለፈው ክረምት ግን ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ ሸፈተ። እጃቸውን ያዙታል አይሰማም፤ እግራቸውን ያዙታል አይሰማም። ዕድሜ ልኩን ሌላውን ሲያዝ የኖረ ሰው የራሱ አካል እምቢ ሲለው ማየት ለሌላው ሰውም ያስፈራል፤ ልጃቸው ሻምበሉም ወደ አባቱ ክፍል ሲገባ ከበሩ እልፍ አይልም ነበር። ቆሞ ደህና አደሩ ይላል፤ ቆሞ ደህና ይዋሉ ይላል፤ ይወጣል።

ከእሷ በፊት የነበሩት አስታማሚዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የቸኮሉ ሰዎች ነበሩ። ማየት የማይችል ሰው መስማትም የማይችል ይመስላቸዋል። ድምፅ ሳያሰሙ ይመጡና እጃቸውን በሻለቃው ብብት ሥር ይሰዳሉ። በሾርባው ውስጥ መራራ መድኃኒት ደብቀው «ዛሬ ቅመም በዝቶበት ነው» ይላሉ። መስኮቱን ዘግተው «ክፍት ነው» ይላሉ፤ ሻለቃው ግን ነፋስን በጉንጫቸው ያውቁታል። እንዲህ ሲባል፣ እንዲህ ሲደረግ፣ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ሻለቃው የሚያምኑት ነገር ግድግዳው ብቻ ሆነ። ሲተኙም በደህና እጃቸው እሱን ይዘው ነው።

እሷ ያመጣችው ትንሽ ነገር ነው። ከበሩ ጀምራ ትናገራለች፦ «እኔ ነኝ፤ ውሃ ይዣለሁ፤ ትኩስ ነው።» ከመንካቷ በፊት የት እንደምትነካ ትናገራለች። መራራውን መራራ ነው ትላለች፤ ካልፈለጉት ታስቀምጠዋለች። ይህን ያደረገችው ጥበብ ተምራ አይደለም፤ አስታማሚነት የጀመረችው ባሏ ሞቶባት ሥራ ስታጣ ነው። መዋሸት ስለሚያደክማት ነው። የዋሸ ሰው የዋሸውን ማስታወስ አለበት፤ እሷ ደግሞ ከአንሶላና ከባልዲ ጋር ውላ ማታ የራሷን ስም እንኳ ለማስታወስ ትቸገራለች።

ማንሳቱ ግን ጠብ ነበር። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ፣ በየጊዜው ሻለቃው ይጮሃሉ፣ ይታገላሉ። አንድ ቀን ከመሰላቸቷ የተነሳ «እንግዲህ እርስዎ ይዘዙኝና እኔ ላንሳ» አለቻቸው። ለቀልድ ነው ያለችው። የእሳቸው ሐሳብ ግን ወደ ቀድሞ ነገር ሄደ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቦታ» አሉ። ሁሉም ቦታውን እስኪይዝ ያህል ቆዩና «ጨብጥ» አሉ። ቀጥለው «አንሳ»። መድፍ ከጭቃ የሚነሳበት ትእዛዝ ነው። እሷ አነሳች፤ እሳቸውም በደህና እግራቸው ገፉ፤ ያለ አንዳች ጩኸት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሻለቃው ትእዛዝ የተነሳ ነገር የለም። እሷንም መጀመሪያ «አንቺ ሴት» ይሏት የነበሩት አሥር አለቃ ብለው ሾሟት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሃምሳ አለቃ አደረጓት። «ደመወዙ ያው ነው፤ ኩራቱ ግን ይጨምራል» አሏት ሲሾሟት።

ዛሬ ጠዋት ሻምበሉ ጫማውን በጭቃ ለውሶ ማድ ቤት ድረስ መጣ። ማድ ቤት ሲገባ አይታው አታውቅም። ከጦር ሰፈር ነው የመጣው፤ ካደረበት እንቅልፍ እጦት ዓይኑ ቀልቷል። ትንሽ ብልቃጥ በእጇ አስጨበጣት።

«ሐኪሙ የተወው ነው። በሾርባው ጨምሪላቸው። ሲተኙ ጋሪው ላይ ትጭኗቸዋላችሁ።»

«እሺ ካላሉስ?»

«እሺማ አይሉም። ትናንት ነግሬያቸው ከዚህ ቤት የምወጣው በሳጥን ነው ብለውኛል። ስለዚህ አትጠይቂያቸው፤ ስጫቸው። እኔ ሚስቴን ይዤ ቀድሜ ድልድዩ አፍ ላይ እጠብቅሻለሁ። ጋሪውን ያለ እኔ አያሳልፉላችሁም።»

ሾርባውን ቀዳች። ብልቃጡን በሌላ እጇ ያዘች። በኮሪደሩ ስታልፍ ማድረግ ትችል እንደነበር ከራሷ አልደበቀችውም፤ ልጇ ከእህቷ ጋር ትናንት ወጥታለች፤ የማን አባት የት ይቅር የሚለው ነገር የእሷ ጣጣ አልነበረም። ብትጨምረው ሁሉም ነገር በአንድ ሳህን ያልቃል። ግን እጇ እንደለመደው በሩን መታ፣ አፏም እንደለመደው ተናገረ።

«እኔ ነኝ። ሾርባ ይዣለሁ። ሾርባው ውስጥ ምንም የለም። በሌላው እጄ የእንቅልፍ መድኃኒት አለ፤ ሻምበል ሳልነግርዎት እንድሰጥዎት አዘውኛል።»

ሻለቃው ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። «ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ሾርባውን ሊጠጡት ስለሆነ።»

ሊስቁ ፈልገው ተዉት። «መለከቱን ሰምቻለሁ» አሉ። «ሰዉ እየወጣ ነው?»

«እየወጣ ነው።»

«እኔ አልሄድም።»

«እሺ።»

«አንቺስ?»

እዚህ ላይ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የቀድሞ ወታደሮቻቸውም የሚሉት አንድ ነው፦ ከጎንዎ አልለይም። አልጋው አጠገብ ቁጭ አለችና ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው።

«እሄዳለሁ» አለች። «ልጄ ቀድማኛለች። እርስዎ ባይሄዱም እሄዳለሁ፤ ይከፋኛል፣ ግን እሄዳለሁ።»

ሻለቃው ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ። ከውጭ የጋሪ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ይሰማል።

«ከጎንህ አልለይም ያሉኝ ሰዎች» አሉ በመጨረሻ፣ «አንዳቸውም የት እንዳሉ አላውቅም። አንቺ እንኳ የት እንደምትሄጂ ነገርሽኝ።» ደህናው እጃቸው ግድግዳውን ዳበሰ። «መሄዱን ጠልቼ አይደለም። በዚያ ድልድይ ወደዚህ ከተማ የገባሁት በፈረስ ነው፤ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ። ጋሪ ሲያንገጫግጨኝ ደግሞ እጮሃለሁ። የሚጮኸውን እኔ አላዘውም፤ ራሱ ነው የሚወጣው። በዚያ ሁሉ ወታደር ፊት እንደሚታረድ በሬ ስጮህ ከምሰማ እዚሁ ብሞት ይሻለኛል። ይኸው ነው። ለልጄ እንዲህ ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ?»

ይህን ለማንም አልተናገሩም ነበር። እሷም ሳህኑን ከጉልበቷ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ስጪኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን። በሾርባው አይደለም፤ ብቻውን። እያወቅሁት ልጠጣው።» አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። «ግን ስነቃ ትነግሪኛለሽ። የት እንደሄድኩ፣ ማን እንደያዘኝ፣ ምን እንደሆንኩ። ከሕይወቴ ላይ አንድ ቀን ቆርጠሽ እንዳትጥዪብኝ።»

ያን ቃል ሰጥታ ነው ጋሪውን የምትገፋው።

ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ሰው እንደ ጎርፍ ቆሞ ይጠብቃል። አስታማሚዋ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ የሻምበሉን ግራጫ ፈረስ ፈለገች። የለም። በስተቀኝ አየች፤ የለም። መንገዱን የሚቆጣጠረው መቶ አለቃ ጢሙ ያልተላጨ፣ ድምፁ የተዘጋ ወጣት ነበር።

«ጋሪ አያልፍም» አለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

«በሽተኛ ነው የጫነው።»

«በሽተኛው ይለፍ፤ ጋሪው ይቀራል። ድልድዩን ልናፈርሰው ከረፋዱ ጀምሮ ሳንቃው ሥር ባሩድ አጭቀናል። እግረኛና መድፍ ብቻ።»

«ሻምበል እዚህ እጠብቅሻለሁ ብለውኝ ነበር። የአባታቸው ጉዳይ ነው። ግራጫ ፈረስ አላቸው።»

መቶ አለቃው አሁን ቀና አለ። «ግራጫ ፈረስ፤ አዎ። ከባለቤቱ ሠረገላ ጋር ጠዋት መጣ። ቆሞ ነበር። ወደ ከተማው ዞር ዞር እያለ ሲያይ ነበር። ከዚያ ተሻገረ።»

«ምን ብለው?»

«ምንም አላለም። ዛሬ ማንም ምንም አይልም፤ ይሻገራል እንጂ።»

መናደድ ነበረባት። መናደድም ጉልበት ይጠይቃል። የተሰማት ሌላ ነገር ነው፤ ቁጭ ብትል እዚያው እንደምትቀር። ከዚያ በላይ ያንገበገባት ደግሞ ይህንን ለሻለቃው መንገር እንዳለባት ማወቋ ነው።

ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል። እሷና ባለጋሪው ሁለት ናቸው። ከመንገዱ ዳር ሁለት መድፈኞች፣ አንዱ ሽበታም አንዱ ቀይ ጎልማሳ፣ የተሰበረ መንኮራኩር ላይ ተቀምጠው ደረቅ ዳቦ ያኝካሉ።

«ወንድሞቼ፣ አንድ በሽተኛ አሻግሩልኝ።»

«እኛንም የሚያሻግረን አጥተን ነው የተቀመጥነው» አለ ጎልማሳው።

«የድሮ መድፈኛ ናቸው።»

«ዛሬ መድፈኛ ያልነበረ ማን አለ እህቴ? ቅድም አንዱ ድመቱን መድፈኛ ናት ሊለን ምንም አልቀረው።»

መለመን አልቻለችም። ወደ ጋሪው ተመለሰች፤ ባለጋሪውን «ያዝ እስቲ፣ ቢያንስ መሬት እናውርዳቸው» አለችው። ከግርጌ ቆመች፤ እሱን ከራስጌ አቆመችው። ከድካሟ ብዛት የምታደርገውን ሳታስብ፣ ሻለቃው ተኝተዋልና በእሳቸው ፋንታ ራሷ «ቦታ» አለች። ትንሽ ቆየች። «ጨብጥ።»

ሽበታሙ ማኘኩን አቆመ።

«ይህን ከማን ሰማሽው?»

«ከእሳቸው።»

«ከ‹ጨብጥ› በፊት ዝም የሚል አዛዥ እኔ የማውቀው አንድ ነው። ሌላው ሁሉ ተከታትሎ ነው የሚያዝ። ስንቱ ጣቱን መንኮራኩር ሥር ጥሏል።» ተነሳና መጥቶ የተኛውን ሰውዬ ፊት አየ። ባሩድ የጠበሰውን ግንባር፣ የተከደኑትን ዓይኖች አየ። እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ አልተናገረም። ዳቦውን ኪሱ ከተተና ጓደኛውን «ተነስ» አለው።

አራቱም ማዕዘን ሰው አገኘ። መድፈኞቹ ከራስጌ፣ እሷና ባለጋሪው ከግርጌ። ባለጋሪው በቅሎውን ፈትቶ ገመዷን በቀበቶው ላይ አሰረና ጋሪውን አንድ ጊዜ ዞሮ አየው። ያ ጋሪ ከሚስቱ የበለጠ አብሮት የኖረ ነው። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ» አለ ለራሱ፣ ምን ለማለት እንደሆነ እንጃ። ተሸከሙ።

ሳንቃው ከእግራቸው ሥር ሲጢጥ ይላል። ከታች ወንዙ ጭቃ ለብሶ ይሮጣል። ከኋላ ያለው ሰው ይገፋል፤ ከፊት ያለው ይቆማል። አስታማሚዋ ጀርባዋ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ክር ሲሳብ ተሰማት፤ ጥርሷን ነከሰች። መሀል ላይ ሲደርሱ በሩን የተሸከመችው ሴትዮ ድንገት ቆመች፤ አስታማሚዋ ላለመጋጨት ስትል ወደ ጎን ረገጠች፤ የያዘችው የቃሬዛው ጥግ አዘነበለ፤ ሻለቃው ተንሸራተው ግንባራቸው ከድልድዩ ምሰሶ ጋር ተጋጨ። አቃሰቱ እንጂ አልነቁም። ማዶ ሲያሳርፏቸው እብጠቱ የዋንዛ ፍሬ አክሎ ወጥቷል።

ባለጋሪው ጎንበስ ብሎ አየው። «ይህችን እንኳ ሆድ ይፍጀው» አላት። «ተኝተው ሳለ ራሳቸው ናቸው የተጋጩት ብትያቸው ማን አይቶሻል?»

«ማንም» አለች።

መድፈኞቹ ምስጋና እንኳ ሳይጠብቁ ወደ መድፋቸው ተመለሱ።

ስደተኛው ያረፈው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። እህሉ ቀድሞ ተጭኗል፤ የቀረው አቧራና የአይጥ ኮሽታ ነው። ቃሬዛውን ከግድግዳ አስጠግታ አስቀመጠች፤ እብጠቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረገች፤ ጫማዋን ፈትታ ጠጠሩን ጣለች። ፀሐይ በጣሪያው ቀዳዳ ወደ ምዕራብ ተዘቅዝቃ ስትገባ ሻምበሉ መጣ።

በአባቱ ላይ ጎንበስ አለ። አልነካቸውም። «ተመስገን» አለ ከልቡ። እሷም ከልቡ መሆኑን አልካደችም። ከዚያ ወደ እሷ ዞረና ወደ ጥግ ይዟት ሄደ።

«ሰው ገፋኝ» አለ።

እሷ እርጥብ እጇን በቀሚሷ አበሰች።

«ሲነቁ አብሬያቸው እንደነበርኩ ንገሪያቸው። ድልድዩ ላይ እጃቸውን ይዤ እንደነበር። እውነቱ ምን ይጠቅማቸዋል? ያሳዝናቸዋል እንጂ። አንቺን ያምኑሻል።» ጓንቱን እያጠለቀና እያወለቀ ቆየ። «ነገ የሚስቴ ሠረገላ ልጅሽ ባለችበት በኩል ነው የሚሄደው። ቦታ አስይዤልሻለሁ።»

ሠረገላ። መቀመጥ ማለት ነው። እግሯን አየችው፤ አብጦ ጫማዋ ውስጥ አይገባም። ደግሞም ሰውዬው የተናገረው ነገር ጭራሽ ውሸት ብቻ አይደለም፤ ሻለቃው ልጃቸው እጃቸውን መያዙን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ አንድ ደስታ ለሽማግሌ ቢሰጥ ምን ኃጢአት አለው? ይህንን ስታስብ ሳለ ከወደ ቃሬዛው ድምፅ መጣ።

«ሃምሳ አለቃ።»

«አቤት። እዚህ ነኝ። ወደ እርስዎ እየመጣሁ ነው።» ሄዳ ተንበረከከች። «ቀኝ እጅዎን ልይዘው ነው።» ያዘችው። «ያለነው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ ከወንዙ ማዶ። ሻምበልም እዚሁ ቆመዋል።»

«አባባ» አለ ሻምበሉ ፈጠን ብሎ፣ «ደህና ነዎት። ሁሉም በሰላም አለቀ። መንገዱን በሙሉ አብሬዎት…»

ሻለቃው ጣታቸውን አንስተው አቋረጡት። «ቃል የሰጠችኝ እሷ ናት» አሉ። «በይ።»

ከመጀመሪያው ጀመረች። ጋሪው ላይ እንዴት እንደተጫኑ፣ በቅሎዋ ዳገቱ ላይ እንደቆመች፣ ባለጋሪው ስንት ጊዜ ደርሰናል እንዳለ። እዚህ ላይ ሻለቃው ፈገግ አሉ። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሻምበሉ አፍ አፏን ያያል። እንባዋ የመጣው ከድካም ይሁን ከሐዘን እሷም አላወቀችውም።

«ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ሻምበል አልነበሩም» አለች። «ቆመው ጠብቀው ነበር አሉኝ። ከዚያ ከእኛ በፊት ተሻግረዋል።»

መጋዘኑ ውስጥ ያለው ጫጫታ ሁሉ ሩቅ ሆነ።

«አባባ፣ ይቺ ሴት ደክሟታል፤ የምትለውን አታውቅም።»

«ቀጥዪ» አሉ ሻለቃው።

«ሁለት መድፈኞች ተሸከሙዎት፤ ባለጋሪውና እኔም። አልጮኹም፤ አንዴ አቃስተዋል። ግንባርዎ ላይ እብጠት አለ። ከምሰሶ ጋር አጋጭተንዎት ነው፤ ያዘነበለው የእኔ ጥግ ነው።» ትንፋሿን ሳበች። «ሻምበል አብሬያቸው ነበርኩ በዪ ብለውኛል። ለነገ የሠረገላ ቦታ ሊሰጡኝ ነበር። አሁን ጨረስኩ።»

የሻምበሉ ፊት ጠቆረ። «ቦታው የለም» አለ። «ሌላ አስታማሚ አይጠፋም። ቀን የጎደለ ለት እንኳ እንዲህ ያለ ምላስ…»

«ሌሎችማ ነበሩን» አሉ ሻለቃው። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ነበር። «ቁጭ በል።»

ሻምበሉ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው፤ በመጨረሻ እዚያው ወለሉ አቧራ ላይ ተቀመጠ።

«ያኔ ብዙ ጊዜ ወድቄያለሁ» አሉ ሻለቃው። «አንተ አልሰማህም። እየጣሉኝ ‹ተንሸራተቱ› ይሉኛል። እኔ ዓይን የለኝ፤ እሺ ተንሸራተትኩ እላለሁ። እያደር የራሴንም እግር ማመን ተውኩ። ይቺ ደግሞ በመጣችበት ቀን ጣለችኝ። ከአልጋው ጫፍ ወለሉ ላይ። እኔ የተለመደውን ስጠብቅ፣ አጠገቤ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ‹ጣልኩዎት› አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ቆየን። ጎኔን አሞኝ ነበር፤ ግን ደስ አለኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ከታመምኩ ጀምሮ የሆነውን የነገረኝ ሰው እሷ ነበረች።»

አስታማሚዋ ፊቷን አዞረች። ያን ቀን በማግሥቱ እንደምትባረር እርግጠኛ ሆና ልብሷን ሁሉ አስራ ነበር ያደረችው፤ ለምን እንዳላባረሯት እስከዛሬ ጠይቃቸው አታውቅም።

ሻምበሉ አቀረቀረ። ከሰው መሀል ሕፃን አለቀሰ፤ ዝም አለ።

«አልጠበቅኩዎትም፣ አባባ» አለ። «ቆሜ ነበር። ከዚያ እየጮኹ ሲመጡ ታየኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት። አልቻልኩም። ተሻገርኩ።»

ሻለቃው ፊታቸውን ወደ ጣሪያው እንዳደረጉ ቆዩ። የተከደነው ዓይናቸው ጠርዝ ረጠበ። ደህናው እጃቸው ከአስታማሚዋ እጅ ወጥቶ አየሩን ዳሰሰ፤ የልጃቸውን ትከሻ አገኘ፤ የመኮንን ምልክቱን አልፎ አንገቱ ላይ አረፈ።

«በዚህ በኩል ደንዝዟል ጎኔ» አሉ። «ወደ አንተ አዙረኝ።»

ሻምበሉ ጓንቱን አወለቀ። እጆቹን ዘረጋ፤ ወዴት እንደሚሰዳቸው ጠፋው፤ አየር ላይ እንዳንጠለጠላቸው ወደ አስታማሚዋ ዞረ።

«የቱ ጋ ነው የምይዛቸው?» አላት።